የጠቋሚ ተራው ድንጋይ

«ምንጭ አለዎት ወይ አባባ?» አለችኝ የሕንፃው ቢሮ ልጅ። አነጋገሯ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሊፍቱ ገና አልተገጠመምና ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣ ትንፋሼ እንኳን ሳይመለስ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በተቀመጠበት ቦታ ላይ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የአባቴን ስም ላጸዳ መጥቼ፣ የጠበቀኝ «ምንጭ አለዎት ወይ» ነው! «ምንጩማ እኔ ነኝ! የዘርጋ ልጅ ደግፌ ነኝ! አሁን አንቺ ወንበር የዘረጋሽበት ቦታ ላይ ነው ተወልጄ ያደግሁት!» አልኳት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወረቀቶቿን አስተካከለች። «ይገባኛል አባባ። ግን በጽሑፍ የሆነ ነገር ቢያመጡልን ጥሩ ነው። እኛ የወሰድነው ከኢንተርኔት ነው፤ እዚያ ላይ ምንጭ ተጠቅሶለታል» አለች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። እውነትም ከሥር ተጽፏል፦ «ምንጭ፦ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ።» የትኛው ነዋሪ? ስም የለው፣ የአባት ስም የለው! «ያንን ነዋሪ ባገኘው ምላሱን ነበር የምቆርጥለት!» ብዬ በአባቴ ከዘራ ወለሉን መታሁት። ልጅቷ ደነገጠች፤ እኔም ትንሽ አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረችን፤ ሁለት ኩሊዎች ተሸክመው ሲተላለፉ አንዱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት። አሁን መንገዷም የለችም፣ የቆርቆሮ ቤቶቹም የሉም፤ የሰፈሩ ነጋዴዎች አክሲዮን አዋጥተው ስምንት ፎቅ ገትረውበታል። ይገትሩ! እኔ በሕንፃ አልተናደድኩም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃ ስናቦካ ለኖርን ሰዎች ሕንፃ ምን ክፋት አለው? ያናደደኝ መግቢያው ላይ ሊለጥፉት ያዘጋጁት የእብነ በረድ ሰሌዳ ነው። «የቦታው ታሪክ» ይላል ርእሱ። ከሥሩ፣ «ይህ ሥፍራ ቀድሞ ጠቋሚ ተራ ይባል ነበር። ስያሜውን ያገኘው በክፉው ዘመን ሰዎችን እየጠቆሙ የሚያሲዙ ሰላዮች በመንገዱ አፍ ላይ በነበረው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ስለነበር ነው» ይላል። ለምረቃው የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ደግሞ በልጅነቴም በጉልምስናዬም ተቀምጦ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ ነው።

ይህንን ጉድ ያወቅሁትም በወዳጄ ፊት ነው። ከድር ይባላል፤ እናንተ ሐጂ ከድር ትሉታላችሁ፣ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴው፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ። ለእኔ ግን ከድር ነው፤ አብረን በጨርቅ ኳስ መስኮት የሰበርን፣ አብረን የተገረፍን። አንድ ጠዋት ዱባይ ተራ አጠገብ ፊት ለፊት ተገናኝተን ሳይሰማኝ አለፈኝ። ዓይኑ ደክሟል ብዬ «ከድር!» አልኩ። ዞረ፤ አየኝ፤ ሰላም አላለኝም። «ምን ሆነሃል ሰውዬ?» ስለው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «አንብብ» አለ። ያንን ጽሑፍ አነበብኩ። «ድንጋዩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነበር ደግፌ?» አለኝ። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ሄደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ተሸካሚው ሁሉ «ዞር በል አባት!» እያለ ሲገፋኝ እንኳን አልሰማሁም። ጀማል የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው ከድር። በዚያ ዘመን አንድ ቀን፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለአረፋ አገር ቤት ገብቶ ጀማል ብቻውን ሱቅ ሊጠብቅ በቀረበት፣ መኪና መጥቶ ወሰደው። አልተመለሰም። መቃብሩም አይታወቅ። ማን እንደጠቆመውም አይታወቅ። ከድር ይህን ሁሉ ዓመት ሲጠይቅ፣ ሲያጠያይቅ ኖሮ፣ በስተርጅና ስልኩ መለሰለት!

ኧረ እናንተ ሰዎች! ከድር እኮ አባቴን በስልክ አይደለም የሚያውቀው። በዓይኑ ያየው፣ ከእጁ ሸንኮራ የበላ ሰው ነው። አባቴ ዘርጋ ኩሊ ነበር። ከአገር ቤት በጉርምስናው መጥቶ የመርካቶን ሚስማርና ቆርቆሮ ሲሸከም ኖረ፤ አንድ ቀን የሚስማር ሣጥን ተሸክሞ አዳለጠውና ወገቡ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ መሸከም ቀረና ያች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ቁልፉ የተለያየ ካኪ ኮት ነበረው፤ አንዱ የወታደር፣ አንዱ የሴት ቀሚስ፣ አንዱ ደግሞ በሚስማር የተበሳ አምስት ሳንቲም። እግሩ ላይ በረባሶ፣ ራሱ ላይ የሹራብ ቆብ፣ በእጁ ይቺ ዛሬ እኔ የምደገፍባት ከዘራ። ያኔ የሱቅ ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ ከገጠር የመጣ ሰው በጉን አቅፎ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ «ብርቄ የምትባል ቅቤ ነጋዴ፣ ጥርሷ ፍንጭት» ይላል። መርካቶ ውስጥ ስንት ብርቄ አለች? አባቴ «የማን ልጅ ናት? በየት በኩል ነው አገሯ? ከማን ጋር ነው የመጣችው?» እያለ ይጠይቃል። የሚያልፈውን ኩሊ ያስቆማል፤ ሊስትሮውን ይጠራል። ከዚያ ከዘራውን ይዘረጋል። «ዘርጋ ዘረጋ!» እንል ነበር እኛ ልጆቹ። ዘርጋ ከዘረጋ ሰውየው ብርቄን አገኘ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጠቋሚው የተባለው። መንገዷም ጠቋሚ ተራ የተባለችው ለዚህ ነው። ጠቋሚ የሚለው ቃል መንገድ ከማሳየት ወጥቶ ሰው ማስበላት የሆነው ኋላ፣ ክፉው ዘመን ሲመጣ ነው። ቃሉ ከፋ እንጂ አባቴ አልከፋም!

አንድ ልማድ ነበረው። ከሁለት ሰው ሳይሰማ አይዘረጋም። ሁለቱም ደግሞ የማይዋደዱ መሆን አለባቸው። «ወዳጅ ከሆኑማ ሲጫወቱ ያወሩትን ነው የሚነግሩኝ፤ የተጣሉ ሰዎች አንድ ነገር ካሉኝ ግን ያ ነገር አለ ማለት ነው» ይል ነበር። ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ ከዘራውን ጭኑ ላይ ያጋድማታል። አላውቅም ማለቱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዘራዋ ጭኑ ላይ ከተጋደመች ለምነህ አታስነሣውም፤ ሌላ የምትጠይቀው ሰው መፈለግ ነው። አሁን እስቲ ስልካችሁን ጠይቁት፤ አላውቅም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የጠየቃችሁትን ቀርቶ ያልጠየቃችሁትን ይዘረግፍላችኋል እንጂ! አንድ ቀን ስለ ወገብ ሕመም ጠይቄው ስለ ፍራሽ ዋጋ፣ ከፍራሽ ወደ ሠርግ አዳራሽ ወሰደኝ። አባቴ ቢሆን ኖሮ ከዘራውን አጋድሞ ዝም ይል ነበር።

እኔም ብሆን የመረጃን ነገር የማውቅ ሰው ነኝ፤ ማለት፣ አውቃለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። ከድንጋዩ አጠገብ አሮጌ መጽሐፍና አሮጌ ወረቀት የምሸጥበት መደብ ነበረኝ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ታክሲ በስሙኒ የነበረ ጊዜ ነው። ሱሪያችን ከታች መሬት ይጠርጋል፣ ጠጉራችን ከበር መቃን ይበልጣል፤ ከካሴት ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ከሸማ ተራ እስከ ቆርቆሮ ተራ ይሰማል፣ የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹም በምቱ ይቀጠቅጣሉ። ከየመሥሪያ ቤቱ ጋዜጣ በኪሎ እገዛለሁ፤ ቅመም ሻጮች ለመጠቅለያ በኪሎ ይወስዱታል። እኔ ግን ሳላነበው አንዲት ቅጠል አልሸጥም ነበር። ከጋዜጣ ከፊት ገጹ ይልቅ የኋላውን እወዳለሁ፤ የጠፋ መታወቂያ፣ የሐዘን መግለጫ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ። ፊተኛው ገጽ ያኮርፋል፣ ይፎክራል፤ ኋለኛው ገጽ ግን ማን የት እንደሚኖር፣ ማን መቼ እንደሞተ ይነግርሃል። አሮጌ የስልክ ማውጫ ነበረኝ፤ ሽፋኑ የለም፣ መጀመሪያው «ለ» ላይ ነው፤ ስንቱን ከዘመዱ አገናኝቻለሁ! በሲባጎ የሰፋሁት መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ተማሪ በሽልንግ አስይዞ ያነብበዋል። ጽሑፍ ሲያልቅብኝ ደግሞ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ አለ፤ እሱ የማንን ቤት በር አያውቅም? ፀጉር አስተካካዩ አለ። በራጉኤል በኩል የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ፤ የሰፈሩን ክስ ሁሉ በእጃቸው የጻፉ ናቸው። አንዱ ያለኝን ይዤ ሌላው ዘንድ እሄዳለሁ። «ደግፌ ያለው ተጣርቷል» ይባልልኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ስለዚህ ያን ጽሑፍ ካየሁ በኋላ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ልጄ የገዛችልኝን ስልክ አውጥቼ «ጠቋሚ ተራ» ብዬ ጻፍኩለት። አልዋሽም፣ ስልክን አልጠላውም። የድሮ ፎቶዎች አይቼበታለሁ፤ አንድ ጊዜ የራጉኤልን ፎቶ አሳይቶኝ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ምን አመጣልኝ? ሰባት ቦታ ላይ ያንኑ! መጀመሪያ ሰባት ሰው የመሰከረብን መሰለኝ። ኋላ መነጽሬን ወልውዬ ሳየው፣ «ሥፍራ» ማለት ሲገባው «ሥራፍ» ብሎ ጽፎታል፤ ሰባቱም «ሥራፍ»! አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ፣ ስሕተቱን ሳይቀር እየገለበጠ! ሰባት አፍ መስሎኝ አንድ አፍ ነው! አባቴ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሳያገኝ አንዲት ቅቤ ነጋዴ አይጠቁምም፤ እነዚህ አንዱ በጻፈው የአንድን ሰው ልጆች አንገት ያስደፋሉ! ለልጅቷ ይህንኑ ነግሬያት ነበር። «አባባ፣ ሰሌዳው ላይ ‘ሥፍራ’ ብለን አስተካክለነዋል» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ!

ይሁንና ለራሴ የማልነግረው አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ነበር። አሁን ልናገረው። አባቴ ሰላይ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ግን ለጠየቀው ሁሉ ያሳይ ነበር። ያን ቀን እነዚያ ሰዎች መጥተው በትሕትና «አባት፣ ጀማል የሚባል ነጋዴ ሱቁ የት ነው?» ብለውት ቢሆንስ? ሳያውቅ፣ እንግዳ መስለውት፣ ከዘራውን ዘርግቶ ቢሆንስ? እኔ ያን ዕለት ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ የጀማል ሱቅ ተዘግቶ ሰፈሩ ጸጥ ብሎ ነው ያገኘሁት። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳይነግረኝ ሞተ። ከድር ሲዘጋኝ ያበሳጨኝ ለዚህም ጭምር ነው፤ ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ስለሆነ። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ስልኩም ጋዜጣውም አይመልሱም። ጥሩምባ ነፊው ሞቷል፤ ማመልከቻ ጸሐፊውም ሞተዋል። የቀረችው አንዲት ሰው ናት፤ መደቧ ከድንጋዩ ፊት ለፊት የነበረ፣ ቅመም ነጋዴዋ እትዬ ሽታዬ። እሷ ደግሞ ከእኔ ጋር ከተኳረፈች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

የተጣላነው በወረቀት ነው። ለራሴ ብዬ ለይቼ ያስቀመጥኩትን የጋዜጣ እስር መጠቅለያ መስሏት ወስዳ ግማሹን በሶብላና ጥቁር አዝሙድ ጠቀለለችበት። ስደርስ ደንበኞቿ ፊት «አንቺ መሃይም! ምን እንዳቃጠልሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። መሃይም አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ልቅሶ ቤት ተገናኝተን እንኳን ፊቷን አዙራ ነው የተቀመጠችው። አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥዬ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት አየችኝ፤ ብርቱካኑን አየች፤ «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም እትዬ ሽታዬ። ስለ አባቴ ልጠይቅሽ ነው» አልኩ። «መሃይም ሰው ዘንድ መጥተህ ትጠይቃለህ? እነዚያ መጽሐፎችህስ?» እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ከዘራውን ይዛ «ተው! እንደ ዘርጋ ወገብህን ሰብረህ ልጦርህ ነው?» ብላ አስገባችኝ።

ጽሑፉን አነበብኩላት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ስጨርስ እንዲህ በእጇ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችና፣ «ያን ቀንማ ነበርኩ» አለች። «ሦስት ሆነው ነው የመጡት፤ አንዱ መነጽር ያደረገ። ዘርጋን ‘አባት፣ የጀማል ሱቅ የቱ ነው?’ አሉት። በትሕትና ነው ያሉት። አባትህ መኪናቸውን አየ፤ ጫማቸውን አየ። ከዘራውን አንሥቶ ጭኑ ላይ አጋደመ። መርካቶን በሙሉ የሚያውቀው ሰውዬ፣ የጀማል ሱቅ እኮ ከጀርባው ነው፤ አጋደመ! መነጽር ያደረገው በጥፊ ሲለው ቆቡ እኔ መደብ ሥር መጥቶ ወደቀ። አሁንም አጋደመ። ሲመታም አጋደመ። ትተውት ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው አሳይቷቸው ተመልሰው መጡ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ቆቡን አንሥቼ ሰጠሁት። ‘ሽታዬ፣ ለደግፌ እንዳትነግሪው፤ ልጅ ነው፣ ያወራል’ አለኝ።» ዕንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ አላውቅም። «እና ይህን ሁሉ እያወቅሽ፣ እትዬ፣ አንድ የማይረባ ሰው ይህንን ወሬ ሲያወራ...» ብዬ ሳልጨርስ አፈጠጠችብኝ።

«ማነው የማይረባው?» አለች። «ረሳኸው እንዴ? አንተ አይደለህም የነገርከው? ለዚያ ደብተር ይዞ ለመጣው ተማሪ! እኔ እኮ ፊት ለፊትህ ቆሜ ሰምቼሃለሁ! ማንበብ አልችልም ብለህ የማልሰማም መሰለህ?»

ወይ ጉድ! ወይ የኔ ጉድ! ስታስታውሰኝ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። መስከረም ነበር፤ ተማሪው፣ ወላጁ፣ ደብተር ፈላጊው መደቤን ከቦ ትንፋሽ አሳጥቶኛል። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ድንጋዩ ግን አለ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ለትምህርቱ ጥናት እየሠራ ነው። «ጋሼ፣ ይህ ቦታ ለምንድን ነው ጠቋሚ ተራ የተባለው?» ይለኛል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከአጠገቤ የሰፈሩ ልጆች፣ እኩዮቼ፣ አሉ። ልፎግረው ፈለግሁ። በመርካቶ ፎገራ ያልተማረ ሰው የለም፤ አንድ የዋህ ሲመጣ ሳትፎግረው ማለፍ እንደ ነውር ነው። «ጠቋሚ አታውቅም? ሰው የሚያስበላ ነዋ! እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስንቱን አስበልተዋል መሰለህ!» አልኩት ፊቴን አጠቁሬ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ያሳቃቸው ምን ነበር? ያ ድንጋይ የዘርጋ መሆኑን ማወቃቸው ነዋ! ዘርጋን የሚያውቅ ሰው ነው በዚያ የሚስቀው። ልጁ ግን ዘርጋን አያውቅም፤ አልሳቀም፤ ጻፈ። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎ እጄን ጨበጠ። ስክሪብቶም ሸጥኩለት! በዚያችው ስክሪብቶ ነው የአባቴን ስም ያጠፋው። የሳቁት ልጆች ሞተዋል፣ ተበትነዋል፣ ድንጋዩ በግሬደር ተነሥቷል፤ ጽሑፉ ብቻ ከደብተሩ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ቀርቷል። ስንት ሰው ረገምኩ እኔ? ልጅቷን፣ ስልኩን፣ ኢንተርኔቱን፣ ከድርን፣ ስሙ ያልተጠቀሰውን «የአካባቢው ነዋሪ»! ምላሱን ልቆርጥለት ነበር እኮ የፎከርኩት። አባቴ ያለው እውነት ነው፤ ያወራል ብሎኝ ነበር። አወራሁ።

እትዬ ሽታዬ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ መጣች። «ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ለዘርጋ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ታክሲ ውስጥም ከእኔ ርቃ ነው የተቀመጠችው። ከድር ሱቁ ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ፤ እሷን ሲያይ ግን ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ሁሉንም እንደነገረችኝ አድርጋ ነገረችው፤ መኪናውን፣ ጫማውን፣ ጥፊውን፣ ቆቡን። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ያንን ወሬ ያወራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ቆሜ፣ ከድርን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። ሠራተኞቹ ሜትራቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። «ወላሂ ደግፌ» አለ ከድር፣ «አንድ ነገር ባነሣ ራስህን እፈነክትሃለሁ።» «ፈንክተኝ» አልኩት። የምሬን ነው። አልፈነከተኝም። ስልኩን አንሥቶ ለቢሮው ልጅ ደወለ። «ያንን የሰሌዳ ጽሑፍ አንሡት። መንገድ ያሳይ የነበረው የዘርጋ ቦታ ነው ብላችሁ ጻፉ» አላት። በስፒከር ነው የሚያወራው፤ «እሺ ሐጂ፤ ምንጩን ምን ልበል?» ስትል ሰማናት። ከድር እኔን አየ፣ እትዬ ሽታዬን አየ። «ሁለት የተጣሉ ሰዎች» ብሎ ዘጋው።

እትዬ ሽታዬ ሳቀች፤ በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት እኔ ባለሁበት። እኔም ልስቅ ነበር። ከድር ግን አልሳቀም፤ ጨርቅ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ፊቱ የሽማግሌ ፊት አልነበረም፤ ያኔ ከአረፋ ተመልሶ ሱቁን ተዘግቶ ያገኘው የዚያ ልጅ ፊት ነበር። «እሺ ደግፌ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አባትህ ካልሆነ፣ ማን ነው? አንተ ሁሉን ታጣራለህ ይሉሃል፤ ወንድሜን ማን ነው ያሳየብኝ?» ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያነበብኳቸው ጋዜጦች ሁሉ፣ የስልክ ማውጫዬ፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ሁሉም በራሴ ውስጥ አለፉ። የምለው ፈለግሁ፤ አንድ ነገር ብዬ ላጽናናው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የአባቴን ከዘራ ጭኔ ላይ አጋደምኩ። ከድር ከዘራዋን አያት፤ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። «አባቴ ያን ቀን እያወቀ ነው ያጋደማት፤ ይሄኛው ግን የእውነት ነው፣ ከድር» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀኝም።